ርክክብ

ና የርኮ፣ ግባ፣ በሩን ቶሎ ዝጋ፤
ይህ ነፋስ አልጋ ወራሽ ነው፣ አይጠብቅም እስኪነጋ።
ጀልባዋ እኔን ልትወስድ ከቋጥኙ ሥር ቆማለች፤
ሞተሯን አላጠፋችም፣ የወሽመጡን ማዕበል ትፈራለች።
ስለዚህ ላሳጥረው፤
የባሕር ኃይል ሃያ ሦስት ዓመቴን በእጅህ ላስቀምጠው።

ይህ ራዳሩ ነው፤ እንደ ሕፃን ያለ ምክንያት ያለቅሳል፤
አጭር ሞገዱ ሽማግሌ ነው፣ ሲበርደው ያስላል።
ካውያው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ጫፉ ተበልቷል፤
አዲስ ብጠይቅ ፑንታ አሬናስ «ተልኳል» ብሏል፤
የመጣው መጥረጊያ ነው። ያው ጥግ ላይ ቆሟል።
የማማው መሰላል፦ አራቴ አጠበቅሁት፣ አራቴ ነፋሱ ፈታው፤
ሰባተኛውን እርከን እለፈው፣ አትንካው።

ጠላት ካልከኝ እዚህ አንድ ነው፤ ባንዲራ የለው፣ መርከብ የለው፤
አዛዦቹ ካርታ ላይ ቀይ ቀስት አልሳሉለት፣ ማን ሊያየው።
ጨው ነው።
በጎማው ስንጥቅ ገብቶ፣ መዳቡን በምላሱ ልሶ፣
ጠዋት ስትፈታው ይጠብቅሃል አረንጓዴ ለብሶ።

አሁን ስማ። አትቀመጥ፤ ቆመህ ስማ።
ይህ ሳጥን ዝም ሲል ዝምታው ሁለት ነው፤
አንደኛው፣ ባሕሩ ተኝቶ የሚጠራ ሰው ሲጠፋ ነው።
ሌላው፣ እየተጠራህ ነው።
ለጆሮ ግን አንድ ናቸው፤
እንደ መንታ እህትማማች፣ እናት እንኳ አትለያቸው።

ሐምሌ ነበር፤ ፀሐይ እንደ ባለዕዳ ብቅ ብላ የምትሰወርበት።
ቻናል አሥራ ስድስት ከማታ እስከ ንጋት ትንፍሽ አላለም፤
መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፦ «ሁሉ ሰላም። ጥሪ የለም።»
ፈረምኩ። የእጅ ጽሕፈቴ ያምር ነበር፣ አልተንቀጠቀጠም።

ሲነጋ በሩ ተንኳኳ።
በዚህ ቋጥኝ ላይ፣ የርኮ፣ በር የሚያንኳኳ ማን ነው?
ከፈትኩ፤ ጢሙ በረዶ ይዟል፣ ቦት ጫማው አንድ ነው፤
ማንሲያ፣ የ«ሮሳ ኤልቪራ» ጌታ፣ ሸርጣን አጥማጁ ነው።
ከኋላው ልጁ፣ ሸራ ተከናንቦ፣ ጥርሱ እየተጋጨ።
«ሌሊቱን ሙሉ ጠራናችሁ» አለኝ።
«ሰው የለም ብለን ነበር።»
ስድብ ብጠብቅ፣ ከዚህ ሌላ አልነበር።

ሾርባ አሞቅሁ። ጀልባዋ የሦስት ሰው መሆኗን አውቃለሁ፤
ሦስት ሳህን አወጣሁ።
ማንሲያ አንዱን አነሳ፤ ንጹሕ ነበር፤ በእጅጌው ወለወለው፤
ቀስ ብሎ ወደ መደርደሪያው መለሰው።

ቀትር ላይ ማማው ላይ ወጥቼ ኬብሉን ቆረጥኩት፤
ውኃ ወጣ፤ ማንኪያ አይሞላም፣ በመዳፌ ያዝኩት፤
ቀመስኩት።

መርማሪዎች መጡ፤ ሦስት ቀን ሲጽፉ ሰነበቱ፤
ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ «እርጥበት» ነው አለ ወረቀቱ።
የሊሳንድሮ እናት አስነብባ ስትጨርስ፣
ወደ እኔ ዞረች፤ አላለቀሰችም፤
«እርጥበት የማን ልጅ ነው?» አለች።
እስከ ዛሬ አልመለስኩላትም።

ስለዚህ በየግማሽ ሰዓቱ ቁልፉን ተጫን፣ ጣትህ ይልመድ፤
ጥሪ አትጠብቅ፤ አንተ ጥራ፤ የመለሰልህን ሁሉ ውደድ።
አጥማጁ «ከእንቅልፌ ቀሰቀስከኝ» ብሎ እናትህን ቢሰድብ፣
ስድቡን ከነሰዓቱ መዝግብ፤
ከዚህ የበለጠ መልካም ዜና በዚህ ባሕር የለም።
ማንም ካልመለሰ ግን «ሰላም» ብለህ አትጻፍ፤
ካፖርትህን ደርብ፣ መብራት ያዝ፣ በጨለማውም ቢሆን ውጣ፣
ሰባተኛውን እርከን እለፍ።

ጥሩምባዋ ጮኸች፤ ልሂድ።
መጥረጊያውን ተጠቀምበት፣ አሸዋ ይገባል።
ሳህኖቹ ሦስት ናቸው።
በሁሉም ብላ።